የአንጓች ዙር

ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ የእኔን ልጅነት እንዳይመስላችሁ፤ የአያቴ አያት ገና ጥርስ ሳያወጡ ነው። ያኔ ይህ ሜዳ ሁሉ ጤፍ ነበር። ያ የምታዩት ባሕር ዛፍ አልነበረም። ጅብም በጠራራ ፀሐይ ይሄድ ነበር ይላሉ፤ እኔ ይሄኛውን አላምንም። የቀረውን ግን አምናለሁ። ስለዚህ ጠጋ በሉና ስሙ። አንተ እዚያ ጥግ ያለኸው፣ ስልክህን ኪስህ ክተት፤ ይህን እሱ አይነግርህም።

በዚያ ዘመን እዚህ ግራር አፋፍ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። መልኳ እንዲህ ነበር፣ ቁመቷ እንዲያ ነበር የሚል ሰው ከመጣባችሁ ውሸቱን ነው፤ አይቶ የነገረን የለም። እኛ የምናውቀው ድኻ እንደነበረች ነው። ባሏ ታከለ ይባላል። አንድ ማሳ ነበራቸው። አንድ በሬ ነበራቸው። ጡት ያልጣለች አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። በሬው መልኩ ዳለቻ ነበር፤ ስሙም ዳለቻ ነበር። ድኻ ለበሬ ስም ሲያወጣ አይጨነቅም።

ታከለ በዚያ ዓመት አረሰ፣ ጤፉን ዘራ፣ አረመም። ጤፉ ሲያዘረዝር ታመመ። ፍሬ ሲይዝ ሞተ።

ታከለ ታላቅ ወንድም ነበረው፤ ቢሻው ይባላል። ቢሻው ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ልብ በሉልኝ። ይህን ነገር የሚያወራ ሁሉ ቢሻውን ጭራቅ ያደርገዋል። እኔ አላደርገውም፤ ዘሮቹም እዚሁ መካከላችሁ ተቀምጠዋል። ቢሻው ያሰበው አገሩ ሁሉ የሚያስበውን ነው። ሴት አታርስም፣ ሴት አትወቃም፣ ስለዚህ መሬት በሴት እጅ አያድርም። የታከለ አርባ እንደወጣ ሽማግሌዎች ፊት ቆመና፣ «ማሳውን ለእኔ ስጡኝ። አንጓችንና ልጅቷን ቤቴ አስገብቼ አበላቸዋለሁ» አለ።

አንጓች ተነሣች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃለች።

«አያ ቢሻው ያበሉኛል፤ እውነት ነው» አለች። «ልጄ ግን በሰው ማድቤት አታድግም። የአባቷ መሬት አላት።»

የሽማግሌዎቹ አውራ አባ ጓንጉል ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሮአቸው ግን ደህና ነበር። ከጓደኞቻቸው ጋር ተማከሩና እንዲህ ብለው በየኑ። «ዘሩን የዘራው ታከለ ነው። ይህን ዘር ያለ ቢሻው እጅ አጭደሽ፣ ወቅተሽ፣ እስከ ዐቢይ ጾም ቅበላ ጎተራ ካስገባሽ መሬቱ ልጅሽ እስክታድግ ባንቺ እጅ ይሁን። ካቃተሽ ለቢሻው ይሁን፤ እሱም እንዳለው ያብላሽ።»

ሁለቱም «ይሁን» አሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሽማግሌዎቹ ይህን ሲሉ መሬቱን ለቢሻው መስጠታቸው ነበር። ያለ ወንድ ምርት የገባበት ቤት አይተው አያውቁም። ግን ፊት ለፊት እንዲህ አይባልም፤ ሽማግሌ ነገር ያሳምራል።

ጤፉ ደረሰ።

ጤፍ ከደረሰ ጊዜ አይሰጥም፤ ይረግፋል። የደረሰ ጤፍ በቀትር ከነኩት ፍሬው መሬት ይቀራል፣ እጅ ላይ የሚቀረው ገለባ ነው። ስለዚህ ሰው ቶሎ ለማጨድ ደቦ ይጠራል። ደቦ ለጠራ ደግሞ ጠላ መጥመቅ አለ፣ እንጀራ ማብዛት አለ። አንጓች ጌሾ መግዣ እንኳ አልነበራትም። ቢሆንም በየቤቱ ዞራ፣ «የምሰጣችሁ ንፍሮ ነው፤ ኑልኝ» አለች። ሰዎቹ «እሺ» አሉ። በእኛ አገር እሺ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ቢሻው በዚያው ቀን የራሱን ደቦ ጠራ። የእሱ ጠላ በትልልቅ ጋን ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ጋኑ ሄደ።

አንጓች ልጇን አዘለች፣ ማጭዷን ያዘች፣ ብቻዋን ማሳው ገባች። ጤዛው ሳይረግፍ ታጭዳለች። ፀሐይ ስትከር ታቆማለች። ጥላ ሲዞር ትመለሳለች። አጨደች፣ ነዶ አሰረች። አጨደች፣ ነዶ አሰረች። ልጅቷ ስታለቅስ ነዶ ላይ ተቀምጣ አጠባቻት። ከማዶ የቢሻው ደቦ ይዘፍናል። እሷም በእነሱ ዘፈን ታጭዳለች፤ ዘፈኑን ማን ይከለክላታል?

ለደቦው ምሳ የሚያደርሱት ሴቶች በማሳዋ ዳር ያልፉ ነበር። ከፊት የምትሄደው የቢሻው ሚስት እናኑ ነበረች። እናኑ ቆመች። አንዲት ቅል ጠላ ከሸክሟ አውርዳ ድንበሩ ላይ አስቀመጠች። ማጭድ አልነካችም፤ እሷ ብታጭድ የቢሻው እጅ ገባበት ይባላል። ጠላ ግን ማንም አልከለከለም። መንገዷን ቀጠለች።

የቢሻው ማሳ በአንድ ቀን አለቀ። የአንጓች ሳምንት ፈጀ፣ ሌላም ሳምንት ፈጀ። ወፍ በላባት። ጥቂትም ረገፈባት። የቀረውን ሰብስባ ከመረችው፤ ክምሩ ከሩቅ ሲታይ የተቀመጠች አሮጊት ያህል ነበር። ሰዎቹ አዩና፣ «አጨዳስ ይሁን፤ ሴትም ታጭዳለች። ውቂያው ላይ እናያታለን» አሉ።

ውቂያው ደረሰ።

እናንተ ማሽን ለምዳችኋል፣ ስለዚህ ልንገራችሁ። ያኔ ውቂያ በአውድማ ነው። መሬቱ ይፋቃል፣ ውሃ ይጠጣል፣ በእበት ተለቅልቆ ይደርቃል፤ ክብ ነው። ነዶው እዚያ ላይ ይበተናል። በሬዎቹ በአንገታቸው ተቆራኝተው ይዞሩበታል፣ በሰኮናቸው ፍሬውን ከጭዱ ይለዩታል፤ ማበራየት ማለት ይህ ነው። እበቱን የሚለቀልቁት ሴቶች ነበሩ። ከደረቀ በኋላ ግን ሴት አትረግጠውም። ሴት ከረገጠችው በረከቱ ይሸሻል ይሉ ነበር። ሴት ስትለቀልቀው የማይሸሽ፣ ስትረግጠው የሚሸሽ በረከት ምን ዓይነት እንደሆነ እንጃ። እኔ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

አንጓች የሚያበራይላት ወንድ ፈለገች። አንዱ ወገቤን አለ። አንዱ በሬዬ ከስቷል አለ። አንዱ፣ «እኔ ነገ ከቢሻው ጋር እኖራለሁ» አለ፤ ይሄኛው እንኳ እውነቱን ተናገረ። ጥር ተጋመሰ። ቅበላ ቀረበ። ልጅቷ መዳህ ጀመረች።

አንድ ጠዋት አንጓች አውድማዋን ለቀለቀች። ደረቀ። ከዳር ሆና ነዶውን በተነችበት። ዳለቻን አስገባችና ከውጭ ቆማ፣ «ዙር!» አለችው። ዳለቻ ቆመ። በሬ ብቻውን አይዞርም። ታከለ ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀ ነበር የሚሠራበት፤ ዳለቻ ዕድሜውን ሁሉ ጎኑ ሌላ በሬ ነበረው። አሁን ጎኑ ባዶ ነው። አንገቱን አዙሮ ጓደኛውን ፈለገ። አጣው። ቆመ።

አንጓች ጮኸች፤ ቆመ። አለንጋ አነሣች፤ ቆመ። እሷም አለንጋውን ጣለች።

ከዚያ ልጇን ከጀርባዋ አወረደች፣ ጥላ ሥር አስቀመጠች። በዳለቻ አንገት ያለውን ገመድ ሌላውን ጫፍ አነሣች። በራሷ ትከሻ ላይ አዞረችው። አውድማውን ረገጠች።

«ና ዳለቻ፤ እኔ አለሁ» አለችው።

ዳለቻ አሸተታት። ከዚያ ተራመደ።

ዞሩ። እሷ ከውስጥ፣ እሱ ከውጭ፣ ዞሩ። ሲደክማት ገመዱን ወደ ሌላው ትከሻዋ ታዛውራለች። ውስጥ እግሯን ጭዱ ቆረጠው፤ ጨርቅ ጠምጥማ ዞረች። በማግስቱም ዞሩ። አገሩ ሰማና ሊያይ መጣ። ሴቶቹም ወንዶቹም ሳቁ። አንዱ ቀልደኛ፣ «አንጓች ሌላ ባል አገባች፤ ይሄኛውስ ቀንድ አለው» አለ። ይህ ቀልድ እስከ ዛሬ ይነገራል። የቀልደኛውን ስም ግን የሚያውቅ የለም።

ቢሻው አባ ጓንጉልን እየመራ አመጣቸው። «አባ፣ ይህ ነውር ነው» አለ። «ሴት አውድማ ረግጣለች። የእሷ በረከት ብቻ አይደለም፤ የአገሩ በረከት ይሄዳል።»

አባ ጓንጉል በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። አንጓች አላቆመችም። ስታልፍ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠቻቸው፣ ቀጠለች። ሽማግሌው ብዙ አዩ። ትከሻዋን አዩ። የጠመጠመችውን ጨርቅ አዩ።

«ቢሻው» አሉ፣ «እኔ ዓይኔ ደክሟል። ሴት የምትለው አልታየኝም። ሁለት በሬ ነው የሚታየኝ።»

ይህን ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሽማግሌ እንዲህ ካለ በኋላ ማን ምን ይላል? ቢሻውም ሄደ። ሰዉም፣ «ማበራየቱስ ይሁን። ንፋስ ግን በሬ አይደለም፤ አብራው አትዞርም» እያለ ተበተነ።

ሦስተኛው ሥራ ማዝራት ነው። ከውቂያ በኋላ ፍሬውና እብቁ ተደባልቀው ይከመራሉ። በመንሽና በላይዳ፣ ማለት በእንጨት ሹካና በእንጨት አካፋ፣ ወደ ላይ ይወረወራሉ። ንፋሱ እብቁን ይወስዳል፣ ፍሬው ይወድቃል። ንፋስ ከሌለ ምንም የለም። በዚያ ዓመት ንፋሱ ጠፋ። ጢስ ቀጥ ብሎ ይወጣ ነበር። አንጓች በየጠዋቱ አፈር አንስታ ትለቅቃለች፤ አፈሩ እዚያው እግሯ ሥር ይወድቃል።

ቅበላ ሲቃረብ አንድ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ መጣ። ጥቁር ደመና ይዞ መጣ። ሰው ሁሉ ወደየአውድማው ሮጠ። አንጓች የታከለን ላይዳ አነሣች፣ ወረወረች። ንፋሱ ልክ ነበር። እብቁ ወደ ገደሉ ይሄዳል፣ ጤፉ እግሯ ሥር ይወርዳል። አሁን አገኘሁት አለች።

ያኔ ከታችኛው አውድማ ጩኸት ተሰማ። የታችኛው አውድማ የቢሻው ነው። እርሻው ብዙ ስለነበር ውቂያው ዘግይቶበታል። በሬዎቹን ሲያጣድፋቸው አንደኛው ተንሸራቶ ወደቀና እግሩ ተሰበረ። የዓመት ጤፉ ሜዳው ላይ ተበትኗል፣ ግማሹ ገና አልተወቃም። ዝናቡ ካገኘው ያለቀ ነው። በዚያ ሰዓት በሬ የሚያውስ የለም፤ ሁሉም የራሱ እሳት ላይ ነው። እናኑ ዳገቱን ሮጣ ወጣች። ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«አንጓችዬ፣ አለቀልን» አለች። ወደ ታች፣ ወደ ወደቀው በሬ ጠቆመች።

አንጓች ንፋሱን አየች። ደመናውን አየች። ክምሯን አየች። ምን እንዳሰበች አልተነገረንም። እኔ ብሆን አልሄድም ነበር፤ ለምን እዋሻችኋለሁ? እሷ ግን ላይዳውን አስቀመጠች። ክምሯ ላይ ጭድ ከመረችበት፣ የመኝታ ቁርበቷን ደረበችበት። ዳለቻን ፈትታ ቁልቁል ወረደች።

ቢሻው ሲያያት ሮጦ መጣ። ዳለቻን ተቀብሎ ከቀረው በሬው ጋር አቆራኘው። «ዙር!» አለው። ዳለቻ ቆመ። መታው፤ ቆመ። ጎኑ በሬ አለ፣ ግን አንገቱን አዙሮ ሌላ ፈለገ።

«አይምቱት፤ እኔን ለምዶ ነው» አለች አንጓች።

ከአውድማው ዳር ቆማ ነበር። አልገባችም። እግሯን እበቱ ጫፍ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

«አያ ቢሻው፣ ልርገጥ?» አለች።

ቢሻው ደመናውን አየ። ሚስቱን አየ። ልጆቹን አየ።

«ርገጪ» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ ግን ሁሉም ሰማው።

ረገጠች። ገመዱን ይዛ ከዳለቻ ጎን ገባች። ዞሩ። ቢሻው ከኋላ፣ እሷ ከፊት፣ ዞሩ። ጤፉ ተወቃ። ሰብስበው ሸፍነው እጃቸውን ሳያወርዱ ዝናቡ ዘነበ። አንጓች እየበሰበሰች ዳገቱን ወጣች።

የእሷን ክምር ዝናቡ ከሥሩ አገኘው። አሰጣችው፣ ደረቀ። ንፋሱ ግን ከዝናቡ ጋር ሄዶ ነበር፤ አልተመለሰም። ነገ ቅበላ ነው ሲባልም አልተመለሰም።

በዚያ ቀን ጠዋት ቢሻው ልጆቹን አስከትሎ መጣ። ላይዳ ይዘዋል፣ ወንፊት ይዘዋል። «አንጓች፣ ዞር በይ፤ እኛ እንጨርስልሽ» አለ።

አንጓች ከክምሩ ፊት ቆመች። «አይንኩት አያ ቢሻው።»

«ለምን?»

«ሽማግሌ የበየነው ያለ እጅዎ ነው። ከነኩት ልጄ መሬቷን ታጣለች።»

«እኔ እኮ አልከስሽም፤ ትቼዋለሁ።»

«አንቱ ባይከሱ ልጆችዎ ይከሳሉ» አለች። «ልጄ ስታድግ በቢሻው እጅ የገባ ነው ይሏታል። እባክዎ፣ ከወደዱኝ አይንኩት።»

ቢሻው ላይዳውን መሬት ላይ አጋደመ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ዳር ቆመ። ሊያግዝ የመጣ ሰው እጁን አስሮ ሲቆም ታያችሁ? አልሄደም፣ ሲመሽ እንኳ አልሄደም። እናኑ ግን ልጅቷን አንስታ አዘለቻት። «ልጅ እህል አይደለችም፤ ይሄን የከለከለ የለም» አለች።

አንጓች ሰፌዷን አመጣች። ላይዳ የወንድ ነው ይባላል፤ ሰፌድ ግን የማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ቁጭ ብላ እፍኝ እፍኝ እያደረገች ታንገዋልል ጀመር። በሰፌድ የአውድማ ምርት አይጨረስም። ጀምራ ሳለ አንዲት ሴት ሰፌድ ይዛ መጣች፤ ያን ጊዜ ስቃባት የነበረች ናት። አጠገቧ ተቀመጠች። ሌላ መጣች። ሌላም መጣች። ቀትር ሲሆን አውድማው ዙሪያውን ሴት ነበር። ሁሉም እበቱን ረግጠውታል። በረከቱ ይሸሽ አይሸሽ የጠየቀ አልነበረም። ፀሐይ ስትገባ ጤፉ ጎተራ ገባ። ከታሰበው ያነሰ ነበር፤ ወፍ፣ ዝናብና ርግፋት የበሉት አልተመለሰም። ግን ገባ።

በማግስቱ አባ ጓንጉል መጡ። እጃቸውን ጎተራው ውስጥ ሰደዱ። ቆንጥረው አላመጡ። «ታከለ የዘራው ነው። መሬቱ የልጅቷ ነው» አሉ። ቢሻው እዚያው ነበር፤ አልተቃወመም።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ እኔም አልነግራችሁም ነበር፤ የቀረ ነገር ስላለ ነው።

በዓመቱ ቢሻው አዲስ በሬ አቀናጅቶ አውድማው ላይ ቆመ። ነዶው ተበትኗል። ልጆቹ ከበዋል። በሬዎቹን ሊነዳ ሲል አቆመ። አንደኛውን በሬ ፈታ። ገመዱን በራሱ ትከሻ ላይ አዞረ። ከሌላው በሬ ጎን አንድ ጊዜ ዞረ። ትልቅ ሰው ነው፣ ባለ ብዙ ማሳ ነው፣ ሰውም እያየው ነው። ልጁ፣ «አባባ፣ ምን ነካህ?» አለው። ቢሻው ዙሩን ጨረሰ፣ በሬውን መልሶ አሰረ፣ ሥራውን ጀመረ። ይቅርታ በአፉ የሚወጣለት ሰው አለ፤ ቢሻው አፉ ከባድ ነበር። አንጓች ከላይኛው አውድማ ሆና አየችው። እሷም እስኪጨርስ ድረስ ዳለቻን አቁማ ነበር ይላሉ።

ከዚያ ልጆቹ ዞሩ። ከዚያ ጎረቤቶቹ ዞሩ። ከዚያ አገሩ ሁሉ ዞረ። በግራር አፋፍ ባለቤቱ ራሱ ከበሬው ጎን አንድ ጊዜ ሳይዞር ውቂያ አይጀመርም። ሀብታምም ይዞራል፣ ድኻም ይዞራል፣ ወንድም ሴትም ይዞራል። የአንጓች ዙር እንለዋለን። «የለኝም፣ አልችልም» የሚል ሰው ሲያጋጥመን ደግሞ «በሬ ባይኖር ትከሻ አለ» እንለዋለን።

ዘንድሮም የመውቂያ ማሽን ከከተማ በኪራይ መጣ፤ ባለቤቱ ግን ለአገራችን አዲስ ሰው ነው። ባለማሽኑ ሞተሩን አስነሣ። ነዶ የሚያቀብለው ጠፋ። ሰው ሁሉ ቆሟል። ሰውዬው ተናደደና፣ «ነዳጄን እያቃጠልኩ ነው፤ ምን ትጠብቃላችሁ?» ብሎ ጮኸ።

ባለእህሏ ሴት ናት፤ ታውቋታላችሁ። ገመድ አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገች።

«ታገሥ ወንድሜ፤ ገና ሰው አልዞረበትም» አለችው።

በነዶው ዙሪያ መሄድ ስትጀምር ሰውዬው ሞተሩን አጠፋ።